እቅፍ በትእዛዝ

ጥር 6
ዛሬም ኮሪደር ላይ አስተማርኩ። ክፍሌ ውስጥ የሃምሳ አለቃው ቤተሰብ ይኖራል። በጦርነቱ ካምፑ ሲቃጠል "ለሳምንት ብቻ" ብለው ገቡ… ጦርነቱ አለቀ፣ ሳምንቱ አላለቀም። ሰሌዳዬ ላይ የልብስ ገመድ ታስሯል። ስለ ግፊት እያስረዳሁ የሽንኩርት ቁሌት ሸተተ፤ ተማሪዎቼ ምራቃቸውን ዋጡ። በሩን ደበደብኩ።
"ድምፅ ቀንሺ፣ ሕፃን ተኝቷል" አለችኝ ሚስትየው። በገዛ ክፍሌ በር ላይ ቆማ! ሃምሳ አለቃው ባሏ ይሁን እሷ እንጃ። ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ሃምሳ አለቃዋ ነው።

ጥር 9
ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ። ክፍሌ የተመለሰልኝ መስሎኝ በሩጫ ሄድኩ። ለካስ የእርቅና የመቀራረብ ኮሚቴ ከከተማው አንዲት፣ ከወታደር ቤተሰብ አንዲት "ምሳሌ እህት" መርጧል። እኔንና እሷን! ከላይ አንድ ትልቅ ሰው ይመጣሉ፤ በፊታቸው እንተቃቀፋለን።
"ክፍሌስ?"
"አንቺ መጀመሪያ እቀፊ፣ ልጄ። ሌላው ቀስ ብሎ ይታያል።"
ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው?
እማዬ ደግሞ "እቀፊያት፣ ምን ቸገረሽ? እጅሽ አይቆረጥም" አለችኝ። ወንድሜ በወታደሮቹ ጥይት ወንዙ ዳር መቅረቱን ረስታው ነው? አልረሳችም። ደክሟት ነው…

ጥር 13
የመተቃቀፍ ልምምድ። አዎ፣ ልምምድ! የኮሚቴው ሰብሳቢ ፊሽካ ይዞ መጣ። በመጀመሪያው ፊሽካ እንተያያለን፣ በሁለተኛው እንሮጣለን፣ በሦስተኛው እንተቃቀፋለን። ሃምሳ አለቃዋ ደርቃ ቆመች። እኔም አላነስኩም።
"ምሰሶ ናችሁ እንዴ?" ጮኸ። "ፍቅር! ፍቅር አሳዩ!"
በጆሮዬ አለችኝ፦ "ክርንሽ ጎኔን ወጋኝ፣ አስተማሪዋ።"
"ሆን ብዬ ነው።"
"ይግባሽ፣ እኔም እግርሽን የረገጥኩት ሆን ብዬ ነው።"
"ግሩም ፈገግታ!" አለ ፎቶ አንሺው። ጥርሳችንን ነክሰን ነበር።

ጥር 15
ዛሬ ደግሞ እንባ ተጨመረ። "ከያንዳንዳችሁ ሁለት ዘለላ ይበቃል" አለ ሰብሳቢው። "ከዚያ ካለፈ ጉብኝቱን ያበላሻል።"
ከየት ይምጣ?
"ምን አስቤ ላልቅስ?" አልኳት ተቃቅፈን። "ክፍሌን ስለነጠቅሽኝ?"
"ክፍልሽ ጣሪያው ያፈሳል። ወድጄ የተቀመጥኩ መሰለሽ?" ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ከዚያ፦ "ታናሽ ወንድሜ ወንዙ ዳር ቀረ። ሬሳውን እንኳ አላመጡልኝም።"
"የኔም…" አልኳት።
ፊሽካው ተነፋ። አልተላቀቅንም። ደግሞ ተነፋ።
"በዛ! በዛ!" ይላል ሰብሳቢው። "ሁለት ዘለላ ነው ያልኩት!"

ጥር 16
ወደ ክፍሌ ሄድኩ። አንኳኩቼ ገባሁ፣ እንደ እንግዳ።
"ካምፑ ታድሷል ይባላል። ለምን አትገቡም?"
ሳቀች፣ የመረረ ሳቅ። እነሱ ሊገቡበት በታደሰው ቤት ውስጥ ማን አለ? ኮሚቴው! ስለ መቀራረባችን የሚመክርበት ቦታ አጥቶ "ለጊዜው" ገብቶበታል።
"ባልሽስ ምን ይላል?"
"ትእዛዝ ነው ይላል። እሱን ትእዛዝ ካሉት ከነጫማው ይተኛል።"
አልጋቸውን አየሁት። ትልቅ ነው።
"ይፈታል?"
ገባት። ዓይኗ በራ። "ይፈታል። ሳይፈታ ግን ያምራል።"

ጥር 20
ትልቁ ሰው መጡ። ፊሽካው ሲነፋ ከክፍሌ አልጋውን ተሸክመን ወጣን፤ እሷ ከራስጌ፣ እኔ ከግርጌ። ተማሪዎቼ ፍራሽ፣ እማዬ ድስት። ሰብሳቢው ክው አለ። ትልቁ ሰው ግን አጨበጨቡ!
"ሕዝብና ሠራዊት አንድ አልጋ ሲሸከም! የማን ሐሳብ ነው?"
"የኮሚቴያችን ነው፣ ክቡርነትዎ!" አለ ሰብሳቢው።
እስከ ካምፑ ፊታችን ሮጦ የኮሚቴውን ቢሮ በር ራሱ ከፈተልን። ጠረጴዛውን ራሱ ገፋልን። አልጋው መሬት ሲነካ፣ ሃምሳ አለቃዋ አንሶላ ስታነጥፍ ነው ነገሩ የገባው። ትልቁ ሰው እያዩት ምን ይበል? አጨበጨበ።

ጥር 24
በክፍሌ አስተማርኩ። በወንበር፣ በጠረጴዛ፣ በር ዘግቼ!
ከሰዓት ሁለታችንም ለኮሚቴው ቀረብን። ክሱ "ያልተፈቀደ መቀራረብ" ነው። ሌላ ቦታ ስለሌላቸው እዚያው የሃምሳ አለቃዋ ቤት ተሰበሰቡ፤ ሰብሳቢው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ።
"ይህን የጠነሰሰችው ማናት? ጥፋተኛዋ ትለይ፣ ሌላዋ ትሂድ።"
"እኔ ነኝ" አልኩ።
"እኔ ነኝ!" አለች እኩል።
"አልጋው ይፈታል ወይ ብዬ የጠየቅኩት እኔ!"
"ቤቱን ማን እንደያዘው የነገርኩሽስ? አንቺ መች ታውቂ ነበር?"
"ነገርሽኝ እንጂ እንውጣ አልሽ?"
"ሳይፈታ ያምራል ያለው ታዲያ ማነው? ባሌ ነው?"
ክሱ ቀረና ሰብሳቢው ይገላግለን ጀመር። "እህቶቼ፣ ኧረ ተዉ፣ በእርቅ ጨርሱት" እያለ እስከ ደጅ ሸኘን። መንገዱን ሙሉ ስትከራከረኝ ቤታችን ደረስን። እማዬ ወንበር አቀረበችላት።
አሁንም አጠገቤ ናት። የምጽፈውን በትከሻዬ ላይ እያየች፣ "የፈለግሽውን ጻፊ" ትላለች፣ "ሐሳቡ ግን የኔ ነው።"