ግዙፉ ይተንፍስ

ለእህቴ ልጅ፣ ለጆሮዬ፣

ከሰላምታ በፊት ክስ አለኝ። ድመቷ ፈትታኛለች። ያን ሁሉ ዓመት ደረቴ ላይ ተጠቅልላ እንዳልኖረች፣ ዛሬ ይህን ጭምብል አጥልቄ ስጋደም ከእግር እስከ ራሴ ገላምጣኝ ወደ ማድ ቤት ትሄዳለች። የምትተኛው ፍሪጁ ሥር ነው። እሱ ያንኮራፋል፣ እኔ አላንኮራፋም። ትዳሬን ያፈረስሽው አንቺ ነሽና መልስ እጠብቃለሁ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ስትውዪ የሚቆረጥምሽ ወገብሽስ ተሻለው? ወንበርሽን በፎቶ አይቼዋለሁ፤ ስፖንጁ የሞተ ነው፤ የሠራውን ሰው የእጁን ይስጠው። ትበያለሽ? ትተኛለሽ? የሚያስቅሽ ሰው አለ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። እኔማ ደህና መሆን ምን እንደሚመስል የገባኝ ገና በዚህ ዕድሜዬ ነው፤ ብዕር ያነሳሁትም ስለዚሁ ነው። ስልክ ብደውል አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እቀልዳለሁ፣ ሳንደማመጥ ካርዱ ያልቃል። ስጨርስ ጎረቤቴ የጌም ቤቱ ሰው፣ ባለ ጌሙ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። የፊደል ግድፈት ብታገኚ ታገሺኝ። ማንበብ የተማርኩት አሮጌ ሶፋ ስፈታ ከሆዱ በሚወጣ ጋዜጣ ነው፤ የጎደለው ፊደል አይጥ የበላው ነው።

በአክስትሽ ስልክ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ማንኮራፋቴን ድምፅ ከምትሠሪለት የኮምፒውተር ጨዋታ ሁለተኛ ክፍል አውጥተሽ በሌላ ሰው ድምፅ ልትተኪው ነው፤ አለቆችሽ እንቢ ካሉም ሥራውን ልትለቂ ነው። እናትሽ በስልክ ‹‹በአጎትሽ በሽታ ደሞዝ በላሽ›› እንዳለችሽም ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ለእሷም ለእኔም አልደወልሽም። እናትሽ የነገረችሽ ተቆጥታ ነው። የሆነውን ነገር ከእኔ ስሚ። ያን ጊዜ ተኝቼ እንደነበር አልክድም፤ ቢሆንም ነቅተው ከነበሩት ሁሉ ጠይቄ አጣርቻለሁ።

ሶፋ ሳልተኛበት እንደማላስረክብ ታውቂያለሽ። ሰው ስንፍና ይለዋል፣ እኔ የጥራት ቁጥጥር እለዋለሁ። ለዕረፍት የመጣሽ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ ሱቄ ውስጥ ቁጥጥር ላይ እያለሁ፣ አፍንጫዬ ሥር የድምፅ መቅጃሽን ደገንሽ። ከዚያ ድምፄን ይዘሽ ሄደሽ በጨዋታሽ ውስጥ ተራራ ለሚያክል ግዙፍ ሰጠሽው። ሰይፈኛዋ ሴት የወገኖቿን ገዳዮች ፍለጋ ስትጓዝ፣ ጠባቡን የተራራ መተላለፊያ ዘግቶ የተኛው እኔ ነኝ። ሳንኮራፋ በደረቴ ላይ መራመድ ይቻላል፤ ትንፋሼ ሲቆም ግን ባሉበት መድረቅ ነው፤ የተንቀሳቀሰ ይጨፈለቃል። እኔም ሞክሬዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላለፍኩም። ስንት ጊዜ ራሴ ተነስቼ ራሴን እንደጨፈለቅኩ ባለ ጌሙ ይመስክር።

ጨዋታው ወጥቶ ዓለም ሁሉ ሲያወራለት አንቺ ደውለሽ ‹‹ጋሼ፣ ያን የትንፋሽ መቆም እኔ አልጨመርኩትም፤ ከቅጂው ውስጥ ያገኘሁት ነው፤ እባክህ ሐኪም ይይህ›› አልሽኝ። እኔም ‹‹ግዙፍ የሚበቃው አልጋ የት ይገኛል?›› ብዬ ሳቅኩብሽ። ደግመሽ ደወልሽ፤ ደግሜ ሳቅኩ። ይህን ልብ አድርጊልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሱቄ ጎን ያለውን ጌም ቤት ታስታውሺዋለሽ፤ በመካከላችን ያለው ግድግዳ አንድ ስስ ችፑድ ነው። በሩ ላይ ‹‹ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው›› ተብሎ ተጽፏል፤ ምክንያቱም ያንቺ ጨዋታ ደም አለው፣ ክህደት አለው፣ ስድብም አለው። የስድቡን ጥራት በበኩሌ አደንቃለሁ። ደንበኞቹ ሁሉ የቤትና የሥራ ሰዎች ናቸው። አንደኛው፣ እንደ ክላክሱ ስለሚናገር ጡሩምባ የምንለው ታክሲ ነጂ ነው። ሌላዋ ነርሷ ናት፤ ከክሊኒክ በነጭ ጫማዋ ትመጣና ከሁሉም የበለጠ ሰው ትፈጃለች። ቀን ስታድን ትውላለች፣ ሲመሽ ትገድላለች።

ሁለተኛው ክፍል ይወጣል ከተባለ ጀምሮ እዚያ ቤት ሌላ ወሬ የለም። ያን አጭር ማስታወቂያ የለቀቃችሁ ቀንማ ሰው ከሥራ ቀረ። ጨለማ ነው። ጨለማው ውስጥ እኔ አንኮራፋለሁ። ከዚያ ትንፋሼ ይቆማል፤ ‹‹ክፍል ሁለት›› የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ አለቀ። ያችኑ ከፍተው መልሰው፣ ከፍተው መልሰው ይሰማሉ። ጡሩምባ ‹‹ግዙፉ ሞቷል! በቃ፣ ቀብረነዋል!›› ብሎ ማለ። ነርሷ ‹‹አድፍጦ ነው እንጂ! አንተን የመሰለ ሲመጣ ሊጨፈልቅ›› አለችው። ባለ ጌሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለባበጥ ዋለ። እኔ በመካከላቸው ቁጭ ብዬ የተቀደደ ወንበራቸውን ሌዘር እየወጠርኩ፣ በሕይወት መኖሬ በድምፅ ብልጫ ሲወሰን እሰማለሁ። ግዙፉ እኔ መሆኔን አያውቁም ነበር።

ምስጢር ግን ያሳክካል፤ አንቺም ታውቂያለሽ። አንድ ቀን አላስቻለኝምና ለጡሩምባ ‹‹እዚያ መሥሪያ ቤት የማውቀው ሰው አለ። ለማንም እንዳትናገር። በሁለተኛው ክፍል ግዙፉ ፀጉር ቆራጭ ይሆናል›› ብዬ ሹክ አልኩት። ለጡሩምባ ለማንም እንዳትናገር ማለት በአዋጅ ማስነገር ነው። አሁን በሩቅ አገር ያሉ የማላውቃቸው ሰዎች ስለ መቀሱ ስፋት ይከራከራሉ አሉ። እባክሽ ፀጉር ቆራጭ አድርጊውና ከጉድ አውጪኝ።

በዚያው ሰሞን ነው፣ ሞላውን በቀየርኩለት ሰፊ ሶፋ ላይ ከምሳ በኋላ ለቁጥጥር ጋደም ያልኩት። ወዲያ ማዶ መብራት ሄዶባቸው ጨዋታው ጠፍቷል፤ ቤቱ ጭጭ ብሏል። በዚያ ጭጭታ ውስጥ ግዙፉ በግድግዳው በኩል ማንኮራፋት ጀመረ። ጡሩምባ ከወንበሩ ዘለለ። ‹‹ሁለተኛው ክፍል! እኚህ ሰውዬ ሁለተኛውን ክፍል በእጅ መንሻ አግኝተው ብቻቸውን እየተጫወቱ ነው! የማውቀው ሰው አለ ብለውኝ ነበር እኮ!›› አለ። መብራት በሌለበት በምን ይጫወቱታል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ተንጋግተው መጡ። ያገኙት ግን አፌን ከፍቼ፣ መቀሴን ሆዴ ላይ አድርጌ የተዘረርኩትን እኔን ነው።

ገና አፋቸውን ይዘው እያዩኝ ትንፋሼ ቆመ። እነሱም ቆሙ! ጆሮዬ፣ በጨዋታሽ የተማሩት ነዋ! አገር የሚያህሉ ሰዎች ባሉበት ደረቁ። ጡሩምባ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር አሉ፤ አላወረደውም። ነርሷም እንደ ሌሎቹ ደርቃ ቆመች። ግን የግዙፉን ዝምታ ከማዘውተሯ ብዛት በልቧ ታውቀዋለች፤ መቼ እንደሚያበቃ ጣቷ ያውቀዋል። የእኔው ረዘመባት። ባለ ጌሙ ‹‹እንዳትነቃነቂ!›› ብሎ ሲያንሾካሽክ እሷ የጨዋታውን ሕግ ጥሳ ተራመደች። በጎኔ ገለበጠችኝ፣ ነቀነቀችኝ፣ አልነቃ ስላት በጥፊ አለችኝ። ዐይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት እንደ ሽመላ በአንድ እግሩ የቆመ ታክሲ ነጂ ነው። ‹‹ምን ፈልገህ ነው?›› ብዬ ብጠይቀው ‹‹ክፍል ሁለትን›› አለኝ።

ነርሷ እጅጌዬን ይዛ ወደ ሐኪም ወሰደችኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንቢ ማለት አይቻልም። ገላዬ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው አስተኙኝ። ስተኛ ጉሮሮዬ እየተዘጋ ልቤ ለዓመታት ሲታገል መኖሩን ሐኪሙ ነገረኝ። ‹‹ትንሽ ብትቆይ ልብህ ይሰለች ነበር›› አለኝ። ከዚያ ይህን አየር የሚነፋ ማሽን ከነጭምብሉ ሰጡኝ። ጆሮዬ፣ እንቅልፍ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም! ከእንቅልፌ ስነሳ አልደከምኩም። መርፌ ላመጣ ገብቼ መርፌ ይዤ እወጣለሁ። ሕልም ማየትም ጀመርኩ። በቀደም አያትሽ ሶፋ ሊያዝዝ መጥቶ ጨርቅ ሲያማርጥ አየሁት፤ በሕልሜም ቅናሽ ጠየቀኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር አምኜ እነግርሻለሁ። ማንኮራፋቴን አክስትሽ ሰምታዋለች፣ ጎረቤት ሰምቶታል፣ እንግዳ ሁሉ ስቆበታል፤ እኔም ኮርቼበታለሁ። መሐል ላይ ያለውን ዝምታ የሰማሽው አንቺ ነሽ። ደግሞ ሰምተሽ ዝም አላልሽም፤ ደጋግመሽ ደወልሽልኝ። እኔ ስስቅብሽ የማላውቃቸውን ሰዎች ያን ዝምታ እንዲያዳምጡ አስተማርሻቸው፤ ከእነሱ አንዷ ቀኑ ሲደርስ ከግድግዳዬ ማዶ ተገኘች። እኔ የምኖረው በእናንተ በሁለታችሁ ጆሮ ነው። ይህ በሽታዬን መብላት ከሆነ፣ ብዪው፤ ጨርሺው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጡሩምባ አባቱን ወደ ነርሷ ይዞ መጣ። ‹‹ቀን ጋደም ሲል እንደ ጋሼ ግዙፍ ይሆናል›› አላት። አየሽ፣ ድምፁን ካወጣሽው ይህም አብሮ ይወጣል።

እውነቱን ሁሉ ስለነገርኳቸው አሁን በጌም ቤቱ ደጅ ባለፍኩ ቁጥር ሁሉም ይደርቃሉ። ሳልስል አይንቀሳቀሱም። እኔም አንዳንዴ ሆን ብዬ አልስልም።

እናትሽን በተመለከተ፣ እሷን የማውቃት ከአንቺ በፊት ነው። ሽቦ ለብሼ ስተኛ ከክፍሉ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የቦርሳዋን ዚፕ ስትከፍት ስትዘጋ ነበር። ያን ቃል የተናገረችሽ ከዚያ አግዳሚ ላይ ሆና ነው። ታናሽ ወንድሟን የምትቀብር መስሏት ያገኘችውን ወረወረች፤ ያረፈው አንቺ ላይ ሆነ። ሥራሽ እንዳልገባት ደግሞ ታውቂያለሽ፤ ለጎረቤት ‹‹ኮምፒውተር ቤት ነው የምትሠራው›› ትልና ወሬ ትለውጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጌም ቤቱን እንዳታይ መንገድ ተሻግራ ነው የምታልፈው። ፍርድሽን ለጊዜው አቆዪላት።

ልመናዬ ይኸው ነው። ሥራሽን አትልቀቂ፤ ድምፄንም አታውጪ። ትንፋሹ ከቆመ በኋላ የሚመጣውን ግን ጨምሪበት። ሕዝቡ ትንፋሹን ይዞ እየጠበቀ ነው፤ ግዙፉ ይተንፍስ። አዲስ ማንኮራፋት ቅጂልኝ ካልሽ የለኝም፤ ጭምብሉን ላንድ ቀን ላውልቅ ብል አክስትሽ መዶሻዬን አንስታ አሳየችኝ። በምትኩ ሌላ ነገር በባለ ጌሙ ስልክ ቀድቼልሻለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር ይደርስሻል። ጠግቤ ተኝቼ ስነሳ የማዛጋውና የምንጠራራው ነው። ከሥሬ የሚንጫጫው የሶፋው ሞላ ነው፤ ለግዙፉ አጥንት ይሆንልሻል ብዬ አሰብኩ። ስንት ዓመት ተኝቷል፤ አሁን ይነሳ።

አክስትሽ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች፤ ዝምታው እንቅልፍ ስለነሳት በክርኗ እየጎሸመች ‹‹አለህ?›› ትለኛለች፣ እኔም ‹‹ነበርኩ፣ ቀሰቀስሽኝ›› እላታለሁ። ነርሷ ሰላም ብላሻለች፤ እጅሽን ልትስም ትፈልጋለች፣ በዚያውም ሰይፉ ለምን ቶሎ እንደሚዶለዱም ልትጠይቅሽ። ባለ ጌሙ አክብሮቱን ያቀርባል። ጡሩምባ ስለ ፀጉር ቤቱ ዝርዝር እንድትልኪለት ይማጸናል። ድመቷ ምንም አላለችም።

አጎትሽ፣ ግዙፉ
ከሶፋ ቤቱ፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ቁጥጥር በሌለበት ቀን

ፊርማዬ ሳይደርቅ በሩ ተንኳኳ። ደንበኛ ይገባል እንጂ አያንኳኳም። እናትሽ ናት። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ዚፑን ትከፍታለች ትዘጋለች። ‹‹ያ የልጄ ጨዋታ የሚሰማው የት ነው?›› አለችኝ፣ ዐይኔን ሸሽታ። ‹‹እትዬ፣ ከአሥራ ስምንት በታች አያስገቡም›› አልኳት። ‹‹ቀልድህን ተወኝና አሰማኝ። ያን ጆሮ ከማን ያመጣችው መሰለህ?›› አለች። ይኸው ጌም ቤቱ ገብተናል፤ ባለ ጌሙ ደህናውን ወንበር ለቆላታል፤ ጡሩምባ ማዳመጫውን በሸሚዙ እየጠረገ ነው። እዚህ ላይ ላቁም። ጨዋታው ውስጥ ትንፋሼ ሲቆም ሰምታ ዘወር ስትል፣ አጠገቧ መገኘት አለብኝ።