ሦስተኛው ፊርማ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት 3፡15

ታክሲ የለም። ከቁስቋም እስከ አዲሱ ገበያ በእግሬ። ጫማዬ ጭቃ በጭቃ። ኮምፒውተሩን ስከፍት አሥራ ስምንት ኢሜይል። እንደ ልማዴ ለአለቆቼ መልስ እጽፍላቸዋለሁ፣ ፊርማቸውን በአቋራጭ ቁልፍ ከሥሩ አስገባለሁ። አቋራጮቹን ብራውዘሩ ላይ ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ 1፦ ሥራ አስኪያጇ ወ/ሮ ሮማን። 2፦ ምክትላቸው፣ «አቶ ደረጀ»። 3፦ ያው ሰውዬ፣ ግን «ዶ/ር ደረጀ»።

አዎ ደብተሬ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ፊርማ። የዶክትሬት ትምህርቱን ከጀመረ ሰባት ዓመቱ፣ ገና አልጨረሰም። የሕክምና ዕቃ ለምንሸጥላቸው ሆስፒታሎች 3፣ ለመ/ቤቱ ሰው 2 እንድጠቀም በኢሜይል አዞኛል። ወ/ሮ ሮማን አያውቁም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልችልም።

ያው ሰኞ። ከምሳ በኋላ

ለአስተዳደር ኃላፊነት አመልክቼ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊ፣ ዲግሪዬን በማታ ትምህርት ይዣለሁ። ደረጀ ጠራኝ። ለወ/ሮ ሮማን የሚላክ አስተያየት ጻፊ አለኝ። ስለኔው! «አመልካቿ ከመተየብ ያለፈ ችሎታ የላትም።» እሱ ሻዩን እያማሰለ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። 2ን ተጫንኩ። ላክሁ። ጉድጓዴን በገዛ እጄ አስቆፈረኝ። አላለቅስም። ያገኛታል!

ማክሰኞ 11

ቀኑን ሙሉ ቁጥር 3ን ሳይ ዋልኩ። አንዲት ቁልፍ ብቻ። ጣቴ ተሳሳተ ብል ማን ይጠይቀኛል?

ሐሙስ 13። 5፡00

አደረግኩት። የወሩ ሪፖርት፣ በሱ ስም፣ ለወ/ሮ ሮማን። ግልባጭ ለሁሉም ክፍል። 2 መጫን ሲገባኝ 3!

9፡30። መልሳቸው ለሁላችንም መጣ። እንኳን ደስ አለዎት፣ መቼ ተመረቁ፣ ማስረጃዎን እስከ ሰኞ ለግል ማኅደርዎ ያስገቡ። ሒሳብ ክፍል ያለችው ጓደኛዬ ሐያት በሻርፗ አፏን ይዛ ትስቃለች። ደረጀ ከቢሮው ብቅ አላለም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አርብ 14

መጣ። «እህቴ» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ስሜን ጠርቶ የማያውቅ ሰውዬ! ድምፁ ለስልሷል። ማዕረጉን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ አቶ ደረጀ አያውቁም ብዬ ለወ/ሮ ሮማን እንድጽፍ ይፈልጋል። ከጻፍኩ ያንን አስተያየት ያነሳል፣ ቦታው የኔ ነው። እስከ ሰኞ 4 ሰዓት። ላስብበት አልኩት።

ለሐያት ነገርኳት። ምን ቸገረሽ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ወንበሩን ያዢ፣ በኋላ ታሳዪዋለሽ አለች። እውነቷን ነው። ደመወዙም ይጨምራል፣ እናቴም ደስ ይላታል። ግን በሱ ይሁንታ? የሱን ውሸት ተሸክሜ? ሞቼ እገኛለሁ።

... እሺ፣ ብቀበልስ?

እሁድ 16

ቁስቋም ማርያም አስቀደስኩ። ማስቀደስ ከተባለ። ካህኑ ሲቀድሱ እኔ በልቤ ኢሜይል አረቅቃለሁ። እመቤቴ ይቅር ትበለኝ። ይቅር በይው ብትለኝ ግን ዛሬ አልሰማም ነበር።

ሰኞ 17። 3፡40

ጻፍኩ። ሐሙስ ዕለት ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ፣ አውቄ ነው። «ዶ/ር» የሚለውን ፊርማ ያሠራኝ ግን እሱ ነው፤ ትእዛዙን አያይዣለሁ። ለየትኞቹ ሆስፒታሎች እንደሄደም ዘርዝሬያለሁ። ማስጠንቀቂያ ይሰጡኝ ይሆናል። ሊያባርሩኝም ይችላሉ። ቦታው እንደሆነ ሄደ። ያበግነኛል፣ ግን እሱም አብሮኝ ይውረድ።

ከሥሩ ምን ላስገባ? ለካ የራሴ ፊርማ የለኝም። ዘጠኝ ዓመት! አሁን ሠራሁ። ቁጥር 4፦ ብርቱካን ተሰማ ወልዴ። እስከ አያቴ።

ላክሁ።

3፡52። ደረጀ በሩ ላይ ቆሞ ጻፍሽው ወይ አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። አዎ አልኩት፣ ለእርስዎም ግልባጭ ደርሶዎታል።