ኮሪደር ውስጥ ስላስነሳኸው ጄኔሬተር

አንተ ሰውዬ፣

አዞ ጋልቤ ወንዝ ተሻገርኩ ስልህ አፍህን ከፍተህ አመንከኝ። የጄኔሬተር ጭስ ባይሸትህም ይገድላል ስልህ ግን ሳቅህ። «ውጭ ካደረ ሌባ ይወስደዋል» ብለህ ኮሪደር ውስጥ አስነሳኸው።

ትናንት ራሴን አዙሮኝ ስወድቅ ለጎረቤቶቹ «ተዉት፣ ሲያስመስል ነው» አልካቸው። ሰምቻለሁ።
ጎትታ ያወጣችኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት።

አሁን ግቢው ጥግ፣ ከመስኮት አርቄ አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ ንቅንቅ እንዳታደርገው። ቤንዚን የምትጨምረው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው። ራስህን ካዞረህ ሮጠህ ውጣ። አንተንማ ያምኑሃል፣ ቁም ነገረኛ ነህ።

የማስነሻ ገመዱን ፈትቼ ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻታለሁ። ጄኔሬተሩ ውጭ መሆኑን በዓይኗ ሳታይ አትሰጥህም።

እኔ እህቴ ጋ ሄጃለሁ።

የአዞው ነገር ውሸት ነበር።
አንተን ወንድሜ ስል ግን የምሬን ነበር።