እየጠፋ ያስቸገረን ምድጃና እንዳይጠፋ ያደረጉልን ባለሙያ

ለተከበሩ ሲኞር ፋውስቶ ብሬሳን፣
የምድጃ ፋብሪካው የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፤

ይህ ግልጽ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔና እህቴ ኒቬስ በካርኒያ ተራራ፣ በረዶው መስኮታችን ድረስ በተቆለለበት ቤት፣ በሕይወት አለን፤ ለዚህ የሚመሰገነው ግን ድርጅትዎ አይደለም።

የእህቴ ሳንባ ደካማ ስለሆነ፣ እንጨት መፍለጡና ጭሱ ይቅርብን ብለን፣ ፔሌት በሚባለው ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ በተሠራ ማገዶ የሚነደውን ምድጃዎን አስገባን። ዘንድሮ ግን ነደደልን ስንል ድንገት ይጠፋና ቀይ መብራት ያበራ ጀመር። ኒቬስ ሾርባዋን ካፖርት ለብሳ ትጠጣ ነበር። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስልክ የሚያነሱት ጨዋ ሠራተኛዎ መጀመሪያ ማገዶው እርጥብ ነው አሉኝ፤ ለወጥን፣ ጠፋ። አመዱን ጥረጉ አሉኝ፤ ጠረግን፣ ጠፋ። በመጨረሻ «ሲኞራ፣ ሳይታወቅዎ ቁልፉን እየነኩት ይሆናል» አሉኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በባቡር ጣቢያ ቀይ መብራት እያየሁ ባቡር ሳስቆም የኖርኩ ሴት ነኝና፣ ቀይ መብራት ያለ ምክንያት እንደማይበራ ልነግራቸው ሞከርኩ። ስልኩ ተዘጋ።

2. የላኩልን ባለሙያ ሲኞር ሎሪስ ጫማቸውን እንኳ ሳያራግፉ ገቡ። የጭስ ማውጫውን እንዲያዩልን ለመንኳቸው። «ጣሪያ መውጣት የኔ ሥራ አይደለም» ብለው ከምድጃው ጀርባ አጎነበሱ፣ ሁለት ሽቦ አገናኙና «በቃ፣ ከእንግዲህ አይጠፋም» አሉ። ቃላቸውን ስለጠበቁ አመሰግናለሁ፤ አልጠፋም።

በማግስቱ ዶሮዎቹን አብልቼ ስመለስ ኒቬስ አንገቷን ደፍታ፣ ሹራብ መሥሪያዋ ከእጇ ወድቆ አገኘኋት። «ደክሞኛል፣ ተይኝ ልተኛ» አለችኝ። እኔንም ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ከነወንበሯ ጎትቼ በረዶው ላይ አወጣኋት። ጎረቤታችን ዱይሊዮ ሮጦ መጣና «ኒቬስ፣ እንዳትተኚ! ስደቢኝ» አላት። «አንተ ደደብ፣ ብርድ ልብስ አምጣ» ስትለው እኔም እሱም አለቀስን።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ቤቱ ሽታ በሌለው መርዛማ ጋዝ ተሞልቶ አገኙት። የጭስ ማውጫው አፍ በበረዶ ተደፍኗል። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ምድጃውን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ደግሞ በባለሙያዎ ሽቦ እንዳይሠራ ተደርጓል። «ሲጠፋ የነበረው እናንተን ለማዳን ነበር» አለኝ አለቃቸው።

ኒቬስ ከሆስፒታል ወጥታለች። ግን የሹራብ መሥሪያዋን አጥብቃ መያዝ አልቻለችም፤ የጀመረችውን ሹራብ ከቅርጫቱ አታወጣውም።

3. ይህን ሁሉ ጽፌልዎ የላኩልኝ መልስ «ለተፈጠረው መጉላላት እናዝናለን» ይላል። የመርዙ ማቅለሽለሽ በማግስቱ ለቀቀኝ፤ የመልስዎ ግን እስካሁን አለብኝ።

ካሣ አልለምንም። ሲኞር ሎሪስ በዚህ ክረምት የገቡበት ቤት ሁሉ ዛሬውኑ ይደወልለት። ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ የሰጠሁትም እርስዎ ባይደውሉ ሰዎቹ ራሳቸው አንብበው መስኮታቸውን እንዲከፍቱ ነው።

ለክቡርነትዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ፣ ከዚያ ቅንጣት ሳላሳልፍ፣ በማቅረብ፣

ኦርቴንሲያ ዛኒየር

ማስታወሻ፦ ምድጃውን «ያልተፈቀደለት እጅ ስለነካው» ዋስትናው ፈርሷል ብለው ጽፈዋል። በሙሉ ልቤ እስማማለሁ። ያንን እጅ የላኩት ግን እርስዎ ነዎት።