ሐኪሙ እናቷን ሲጠይቅ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጋሽ ክፍሌስ ወገቡን ተሻለው? እኔ እዚህ ጅቡቲ አለሁ። ፀዳልም በሕይወት አለች፤ ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ አሁን አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆንን ነው፤ የማወራውን ሁሉ ትሰማለች። ደብዳቤውን ወደ ድሬዳዋ የሚመላለስ ሾፌር ያደርስልሻል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ማርገዟን የነገርኩሽ ዕለት፣ ሰው ሳይሰማ ይውጣላት፣ እናቷ እኔ ነኝ፣ የምወስነውም እኔ ነኝ አልሽኝ። ዝም አልኩ። በዚህ ነገር ዝም ማለት እንደለመድኩ ታውቂያለሽ። ያስረገዛት የከባድ መኪና ሾፌሩ ቦንሳ ደግሞ ዕቃ ሊጭን ወደብ ሲመጣ ሰማና ደስ አለው። ልጁ የእኔም ነው፣ ማንም እንዳይነካው፣ እናቴ ጋ ወስጄ አሳድገዋለሁ አለ። አንቺ ከዚያ፣ እሱ ከዚህ ስትጎትቷት እኔ መሃል ቆሜ የሁለታችሁን ቃል አመላልስ ነበር። ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኳት።

አንድ ጠዋት በቤት ሠራተኝነት የቀጠረቻት አሠሪዋ ደወለችና ወድቃለች፣ መጥተሽ ውሰጃት አለችኝ። እየሮጥኩ አሠሪዋ ያለችበት የሀብታሞች ሰፈር፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ስደርስ ልብሷን በፌስታል አድርገው ከበሩ ውጭ አስቀምጠውታል፤ እሷ ከጎኑ ተኝታለች። ለካ ብቻዋን ካርቲዬ ሁለት የሚባል ሰፈር ሄዳ፣ ይህን ነገር በስውር የምትሠራ ሴት ዘንድ ገብታለች። እዚህ አገር የተከለከለ ስለሆነ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ደም እየፈሰሳት የሰው ወለል ስትወለውል ሰንብታለች።

አብራኝ የምትሠራው ጀዋሪያ ፈረንሳይኛ አቀላጥፋ ስለምትናገር ሆስፒታል አብራን ገባች። ሐኪሙ ማህፀኗ ተበስቶ መግል ይዟል፣ ማህፀኗ ራሱ ካልወጣ አታድርም አለ። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው፣ ወላጅ ይወስን፣ እናቷ የት ናት ብሎ ጠየቀ። ጀዋሪያ አክስቷ ናት ልትለው አፏን ስትከፍት፣ እናቷ እኔ ነኝ አልኩ። እኔው ራሴ፣ በፈረንሳይኛ። አውጡት፣ ልጄ ትትረፍልኝ አልኩት።

ፀዳል ነቅታ ነበር። እጄን ይዛ፣ አክስቴ አይሆንም፣ አንድ ቀን መውለድ እፈልጋለሁ አለችኝ። የምትፈልገውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እሺ አላልኳትም። እጄን አስለቅቀው ወሰዷት።

ኮሪደሩ ላይ ጀዋሪያ ትከሻዬን አቅፋ፣ ጥሩ ውሸት ዋሸሽ፣ ባትዋሺ ኖሮ እህትሽን ስናፈላልግ ትሞት ነበር አለችኝ።

ቦንሳ በማግስቱ መጣ። ለምን እኔን አልጠየቃችሁኝም ብሎ መቆጣት ጀምሮ፣ ሲያያት ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እስካሁን በመጣ ቁጥር ብርቱካን ይዞ ብቅ ይላል። አታናግረውም፤ ብርቱካኑንም ለጎረቤት ልጆች ትሰጠዋለች።

ቁስሏ እየጠገገ ነው። ምግብም ጀምራለች። ከእኔ ጋር እምብዛም አታወራም። ትናንት ግን ላቧን ስጠርግላት፣ ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ለምን ቶሎ መለስሽ፣ የሚዋሽ ሰው እኮ ትንሽ ያስባል አለችኝ። ፊቴን አዙሬ ጨርቁን ጨመቅኩ። እሷም፣ ተዪው፣ ስድን ለእናቴ ደውዬ እጠይቃታለሁ አለች።

እህቴ፣ እሷ ስትወለድ የማልኩልሽን አላፈረስኩም፤ አልነገርኳትም። አንቺም አሳድገሻታል፣ አስተምረሻታል፣ ስትታመም አጠገቧ አድረሻል፤ ያን ማንም አይወስድብሽም፣ እኔም ብሆን። ስትደውልልሽ ምን እንደምትያት አልነግርሽም። ብቻ እንዳትቆጫት። ብዙ ነገር ተወስኖባታል።

ፈጣሪ ጤናሽን ያብዛልኝ፣ ቤትሽን ከክፉ ይሰውርልኝ። ጋሽ ክፍሌን ሰላም በይልኝ።

ታናሽ እህትሽ፣
የፀዳል አክስት

ጅቡቲ፣ ሐምሌ 2004 ዓ.ም.