መብራቱን አውርዱ ሲሉ የኖሩት የኔሪዮ ቤልትራሚ የሕይወት ታሪክ

ኔሪዮ ቤልትራሚ ከአባታቸው ከአኪሌ ቤልትራሚና ከእናታቸው ከአርጀንቲና ፎሊ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1948 በፖ ወንዝ ዳር በሳንታ ቴክላ መንደር ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደሩ ተከታትለው በፌራራ ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ ተማሩ። በ1971 ከወይዘሮ ዲርቼ ጋር ዛሬ ልንሸኛቸው በተሰበሰብንበት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን ልጃቸውን ኢቫናን ወልደዋል።

በጋራዣቸው አርባ አራት ዓመት ሠሩ። የጭጋግ መብራት ሊያስገጥም የመጣን ሰው የመብራቱን ጉልበት ሳይሆን የሚታሰርበትን ከፍታ ያስመርጡት ነበር። ከፓራውልቱ በታች ያስሩትና ብርሃኑን ወደ አስፋልቱ ያስጎነብሱታል፤ ለመንገዱ ዳር እንጂ ለሰማይ መብራት አንሰጥም ይሉ ነበር።

የእኛ ግንድ ጫኝ ሾፌሮች ግን በክረምት የወንዙ ዳር ጭቃ መብራቱን ሲደፍንባቸው፣ ወርዶ በጨርቅ መወልወል ከበዳቸውና ነቅለው ጋቢናው ጣሪያ ላይ ሰቀሉት። ኔሪዮ በሾፌሮቹ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሥተው “ከላይ ስታበሩት ጭጋጉን ነው የምታበሩት፤ ዓይናችሁን ታጠፋላችሁ” አሏቸው። ሊቀመንበሩ አዴልሞ ራቫኞሊ “አባባ ኔሪዮ፣ እርስዎ ብስክሌትዎን ይንዱ” ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሳቃችሁ ዛሬ እዚህ ተቀምጣችኋል።

ኔሪዮ የአዴልሞን የግንድ መኪና መብራት ሁለት ጊዜ በእጃቸው አወረዱለት። ሁለት ጊዜም መልሶ ሰቀለው።

በሕይወት ታሪክ ውስጥ ሕመም የሚጻፈው እዚህ ቦታ ላይ ነበር። ኔሪዮ አልታመሙም። እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 ጠዋት በጭጋግ ውስጥ፣ ያንኑ መብራት ለሦስተኛ ጊዜ ሊያወርዱ መፍቻና ጨርቅ ኪሳቸው ከተው በብስክሌት ወደ ግንድ ማከማቻው ሲሄዱ፣ የአዴልሞ መኪና ገጭቶ ገደላቸው። አዴልሞ ለፖሊስ የሰጠው ቃል “ከፊቴ ነጭ ግድግዳ እንጂ ሰው አላየሁም” የሚል ነው። ሰው ሁሉ አደጋ ይለዋል። ቤተሰቡ አደጋ አይለውም፤ ተናደናል፣ ንዴታችንንም በጸሎት አንሸፍነውም።

ኔሪዮ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው በሰባ አንድ ዓመታቸው ተለይተውናል። ጭጋግ በሌለበት አገር ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

መፍቻቸውና ጨርቃቸው በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። በግንድ መኪናው ሊያጅብ የመጣ መብራቱን ያውርድ፤ ያላወረደ ከአስከሬኑ ኋላ አይከተል። መፍቻውን መጀመሪያ የሚያነሣው አዴልሞ ነው።