ኦዲተሯን ላቋረጡልን ጋዜጠኛ

ይድረስ ለክቡር አቶ መሳፍንት፣
የ«ቀጥታ ጥያቄ» የቴሌቪዥን ዝግጅት አቅራቢ፤
ካሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ጉሮሮዎን ከድርቀት፣ ወንበርዎን ከመነቃነቅ አምላክ እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ። እኛ ከቁይ ገበያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቀን የምንኖር ገበሬዎች ከጥማት በቀር ደህና ነን። እኔ ይታያል እባላለሁ፤ የቀበሌያችን የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ፤ ይኸውም ውሃ የሌለው ኮሚቴ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በመንደራችን ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ፓምፕ ተተክሎ፣ ሪባን ተቆርጦልን ነበር። በሦስተኛው ቀን ፓምፑ አየር ብቻ ይተፋ ጀመር። አቤት እያልን ብዙ ከተመላለስን በኋላ፣ ባለፈው ጥር ወይዘሮ ሥራነሽ የተባሉ የመንግሥት ኦዲተር መኪና የማይገባበትን ዳገት በእግራቸው ወጥተው መጡ። ፓምፑን አስነቅለው፣ በገመድ ጫፍ ድንጋይ አስረው ወደ ጉድጓዱ ሰደዱ፤ ሌላውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በወረቀት ሰማንያ ሜትር የተባለው ጉድጓድ ሠላሳ አንድ ሜትር ላይ አለቀ። ሁለት ጊዜ ደግመው ለኩና፣ «አቶ ይታያል፣ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ከጻፍኩት በኋላ የሚሆነውን ግን አላውቅም» አሉኝ።

የሆነውን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ወይዘሮ ሥራነሽ የጉድጓዱን ሥራ ካስጨረሱት ኃላፊ ከአቶ አገኘሁ ጋር በዝግጅትዎ እንደሚቀርቡ ስንሰማ፣ አሥራ አንድ ሆነን ቁይ ወዳለ አንድ ሻይ ቤት ወረድን። ከወንዝ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ከነእንስራቸው ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረው ጎረቤቴ እትዬ የብርጓል ሳይቀሩ፣ «እውነቱ ሲነገር በጆሮዬ ልስማ» ስላሉ ልጆቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። ስለዚያ ምሽት የሚከተለውን ምስጋና እንዲቀበሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1ኛ/ አቶ አገኘሁን «ክቡር ኃላፊያችን»፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገሉትን ኦዲተር ደግሞ «አንቺ» ብለው ስለጠሩ፣ ቤተሰባዊነትዎን እናመሰግናለን።

2ኛ/ በሻይ ቤቱ ሰዓት እንደቆጠርኩት፣ ለኃላፊው ሃያ ስድስት፣ ለኦዲተሯ አራት ደቂቃ ሰጥተዋል። ጉድጓዱንም የቆፈሩልን በዚሁ ልክ ስለሆነ እንግዳ አልሆነብንም።

3ኛ/ ኃላፊውን «ይህን ሁሉ ሥራ እንዴት ቻሉት?» ብለው ሲጠይቁ፣ ኦዲተሯን «ለመሆኑ አንቺን ማን ልኮሽ ነው?» ብለዋቸዋል። የላከቻቸው አገሪቱ መሆኗን ስላልገመቱ አልፈርድብዎትም።

4ኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ወይዘሮ ሥራነሽ «ጉድጓዱ ሰማንያ ሜትር ነው ተብሏል፤ እኛ ስንለካው ግን» እንዳሉ፣ እርስዎ ፈገግ ብለው «ይቅርታ፣ ሰዓታችን አልቋል» አሉ፤ ወዲያው የታሸገ ውሃ ማስታወቂያ ገባ። እትዬ የብርጓል ከተኙበት ቀና ብለው «ስንት አለች? ተናገረችው?» አሉ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኘልንና፣ የሁለት ሰዓቱን ዳገት ቃሬዛውን እየተፈራረቅን ተሸክመን ወጣን።

በልጅነቴ ዲማ ቅኔ ቤት ገብቼ ጥቂት ቃል ቆጥሬ ነበር። መምህራችን ቃል ከፍሎ ማየት ያስተምሩን ስለነበር፣ በመንገድ ላይ «ጉድጓድ» የሚለውን ከፍዬ አየሁት፤ ጉዱ እኛ ዘንድ ቀረ፣ ጓዱ እርስዎ ዘንድ ተቀመጠ።

በሳምንቱ የወረዳ ሰዎች መጥተው «ጉዳዩ በቴሌቪዥን መልስ አግኝቷል» ብለው አቤቱታችንን መለሱልን። ወይዘሮ ሥራነሽ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውረዋል። ስደውልላቸው ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ «ደህና ነኝ። አሁን የድሮ ፋይል አቧራ ነው የማራግፈው። ከእንግዲህ አይደውሉልኝ፣ እርስዎንም እንዳይነኩዎት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልደወልኩም። በዚህ አፍራለሁ። እትዬ የብርጓል ለፋሲካ ሳይደርሱ አረፉ፤ ለቀብሩ ዕለት የሚሆነውን ውሃ ሴቶቹ ከዚያው ከወንዙ አመላለሱት።

ይህን ስጽፍ አንዳች ነገር ይለወጣል ብዬ አይደለም። ደብዳቤው በእጅዎ ቢገባ እንኳ ሰዓት እንደማይኖርዎ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ብቀር ግን አቋራጩ ሁለት እንዳይሆን ብዬ ነው።

ከጠለቀ አክብሮት ጋር፣ ጉድጓዱ ካልጠለቀበት መንደር፣
የማይጠየቁት ሁሉ ታዛዥ፣ የእርስዎም አድማጭ፣
ይታያል

ማሳሰቢያ፦ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጣቢያዎ በመጪው ወር «ሞዴል መንደር» ብሎ ሊቀርጸን እንደሚመጣ፣ ለቀረጻውም ውሃ በቦቴ ተጭኖ እንደሚደርስልን ነግረውናል። በእግዚአብሔር ስም እለምንዎታለሁ፤ ቀረጻው በአንድ ቀን እንዳያልቅ ያድርጉልን፣ የምንሞላው ዕቃ ብዙ ነው።